የአያቴን በርኖስ ማን ነደፈው?

ዛሬ ስለ ልብስ ላወራችሁ ነው። «ፖለቲካው ሰልችቶት ፋሽን ጀመረ» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ። ረዘም ይላል፤ ቡና ላይ ከሆናችሁ ጥሩ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የድሮ የልብስ ንድፍ ምስል ላከልኝ። በ1950ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ከነበሩት የልብስ ቤቶች የአንዱ ነው። የሴት ካፖርት። በእርሳስ የተሳለች ቀጭን ሴት ቆማለች፤ ፊቷ በሁለት ሰረዝ ታልፏል፤ ሠዓሊው ለፊቷ ግድ የለውም። ጭንቀቱ ሁሉ ካፖርቱ ላይ ነው። ከትከሻ ወርዶ ጀርባው ላይ ሰፋ ይላል፤ ኮሌታው ትልቅ፣ ቁልፉ ሦስት ብቻ። ጥጉ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ከጎኑ ደግሞ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ጨርቅ በስፒል ተሰክታለች። ጥቁር ሱፍ።

ያቺን ጥቁር ሱፍ ሳይ ሐሳቤ ፓሪስ ሊቆይልኝ አልቻለም። ቀጥ ብሎ ይፋግ ገባ። አያቴ ቤት፣ ከመደቡ በላይ ከግድግዳው እንጨት ላይ የሚሰቀለው በርኖስ ትዝ አለኝ።

በርኖስን ለማታውቁት ልጆች ላስረዳ። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ካባ ነው። እጅጌ የለውም፤ ከፊት ክፍት ነው፤ እስከ ባት ይወርዳል። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁረቱ የበጉ ነው። ትከሻው ላይ ቀንድ የመሰለች ሹል ነገር አለችው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰውየው ትከሻው ላይ ወፍ ያሳረፈ ይመስላል። ስሙ የወጣለት የመንዙ ነው፤ እኛ አገር ግን ከፋርጣና ከጋይንት ደጋ ነው የሚወርደው። ፎገራ ሜዳው ሙቅ ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበት አገር ምን በርኖስ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። የጥቅምትን ንጋት፣ የርብን ጤዛ የምታውቁት አትጠይቁኝም።

በርኖስ እንግዲህ በደንቡ የወንድ ልብስ ነው። የአያቴ ግን ከባላቸው የወረሱት ነው። አያታችን ከሞቱ በኋላ አያቴ በርኖሱን አልሸጡትም፣ ለወንድ ልጅም አልሰጡትም። ራሳቸው ደረቡት። ለማኅበር፣ ለለቅሶ፣ ለንጋት ቅዳሴ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲለብሱት ያየ ሰው «የሴት ካፖርት አይደለም» ብሎ ሊከራከረኝ አይችልም።

አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ይኼን በርኖስ ማን ነው የሠራው?»

«የፋርጣ ነው» አሉኝ።

«እሱንስ ሰማሁ። የሠራው ሰው ማነው ማለቴ ነው።»

አያቴ እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሸማኔ ነዋ ልጄ! ሌላ ማን ይሠራዋል?»

አያታችን በስንት ብር እንደገዙት ያውቃሉ። በየትኛው ቅዳሜ እንደተገዛ፣ ከየትኛው በሬ ሽያጭ ላይ ተቀንሶ እንደተከፈለ፣ ማን አብሮ ገበያ እንደሄደ ያውቃሉ። የሠሪው ስም ግን የለም። የጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ ከመጀመሪያውም ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ወረቀቷ ልመለስ። ያቺ ንድፍ ለምን ተሳለች? ብዙዎቻችን ፈጣሪው ባለሙያ ሐሳብ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚስላት ነገር ትመስለናለች። አንዳንዱ እንደዚያ ይሠራል፤ ሁሉም ግን አይደለም። የዚያን ዘመን ካፖርት ሠሪዎች አለቃ የሚባለው ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1895 ጌታሪያ በምትባል የስፔን የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለደ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ገና በልጅነቱ ከልብስ ሰፊ ዘንድ ለሙያ ገባ፤ በ1937 ፓሪስ ላይ ቤቱን ከፈተ፤ በ1968 ዘጋው። ይህ ሰው ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ እጅጌ ገጥሞ መጨረስ የሚችል ባለ እጅ ነበር። ሥራውን የሚጀምረው ከጨርቁ ነው። ጨርቁን ይዳስሰዋል፣ ይጥለዋል፣ አወዳደቁን ያያል፤ ከዚያ ነው ልብሱ የሚመጣለት። በ1961 ስፌቱ አንድ ብቻ የሆነ የሴት ካፖርት ሠርቷል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰፊ ጨርቅ፣ አንድ ስፌት፣ ሙሉ ካፖርት። ከቤቱ የወጡትን ንድፎች ብዙውን ጊዜ የሚስሉት እዚያው ተቀጥረው የሚሠሩ ሠዓሊዎች ነበሩ።

ስለዚህ ወረቀቷ ከልብሱ እናትነት ይልቅ ወደ ልደት የምስክር ወረቀትነት ትጠጋለች። ቁጥሯ፣ ቁራጭ ጨርቋ፣ ቀኗ «ይህ ልብስ የዚህ ቤት ነው» ለማለት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። የፓሪስ ልብስ ይሰረቅ ነበር! ትርኢት ላይ ገዥ መስለው ይገቡና ያዩትን በልባቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ጥግ ያለ ቡና ቤት ቁጭ ብለው በፍጥነት ይስሉታል፤ ንድፉ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ በርካሽ ይሰፋል። ማድሌን ቪዮኔ የምትባለዋ ባለሙያ ገና በ1920ዎቹ እያንዳንዱን ልብስ በመስታወት መካከል አቁማ ከፊትም ከጀርባም ከጎንም ፎቶ ታስነሳ ነበር፤ ልብሱ ላይ በሚሰፋው ምልክት ላይም የጣቷን አሻራ ታትም ነበር። ቀልድ አይደለም፤ አሻራ! ፈረንሳይ ደግሞ ከ1909 ጀምሮ የንድፍ ሕግ ነበራት፤ በ1952 የልብሱን ኢንዱስትሪ ለይቶ የሚጠብቅ ሌላ ሕግ ጨመረች። ወረቀት ያለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወረቀት የሌለው ያለቅሳል።

የእኛዎቹስ? ሳይነድፉ ነበር እንዴ የሚሠሩት?

ይፋግን ዛሬ ከወረታ ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከአዲስ ዘመን በፊት በመኪና የምታልፏት መንገድ ዳር ከተማ አድርጋችሁ አትዩአት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር በስተደቡብ ካሉት ዋና ዋና ገበያዎች አንዷ ነበረች። ኬላ ነበራት፤ ቀረጥ ይሰበሰብባታል። ጎረቤቷ ደሪጣ በሙስሊም ነጋዴዎቿ ስመ ጥር ነበረች። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ከቆላው ጥጥ፣ ከምጽዋ በኩል ደግሞ ሐርና ቀይ ጨርቅ ያልፍባታል። ወይኗም ይወራላት ነበር፤ ወደዚያ ከገባሁ ግን አልወጣም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ቀዩ ጨርቅ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ ገዝተው እንዳለ አይለብሱትም። ክር በክር ይተረትሩታል! ያ ቀይ ክር የኩታው ጥለት፣ የጃኖው ሰንበር ይሆናል። ፈረንጅ የሠራውን አፍርሶ ለራሱ ሐሳብ ማዋል ንድፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ንድፉ ግን ወረቀት ላይ አልነበረም። ጥጧን የምትፈትለው ሴትዮዋ ናት። ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ እንዝርቷን አሹራ፣ ክሩ ምን ያህል እንደሚቀጥን የምትወስነው እሷ ናት። የክሩ ቅጥነት ደግሞ ልብሱን ይወስነዋል። ከዚያ ልቃቂቷን ይዛ ሸማኔው ዘንድ ትሄዳለች። «ለጋቢ ነው፣ ለኩታ ነው፣ ጥለቱ ይህን ያህል ጣት ይሁን፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ክንድ» ትለዋለች። እሱ ይመልሳል፤ ክሩ አይበቃም ይላል፤ ትከራከራለች። ንድፉ ያ ክርክር ነው። ከሁለቱ አፍ ወጥቶ በሁለቱ እጅ ይፈጸማል፤ ሲያልቅም አንድ ወረቀት አይተርፍም። ባሌንሲያጋ ጨርቁን ከፋብሪካ ገዝቶ ይጀምራል። እሷ ግን ጨርቁን ራሱን ከክሩ ነው የምታስበው። የአያቴም በርኖስ ከጠጉር ይሠራ እንጂ አመጣጡ ይኸው ነው፤ ደጋ ላይ ያለች አንዲት ሴት ፈትላዋለች፣ አንድ ወንድ ሸምኖታል።

እዚህ ላይ አንድ መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። «የእኛ ባህል ትሕትና ነው፤ አባቶቻችን በሥራቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም» ይባላል። ይህን አባባል ስወደው ኖሬ ነበር። አሁን አልወደውም፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። በየገዳሙ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ግለጡ። ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ያጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ ብለው ስም ይዘዋል። ትሑቱ ጸሐፊ ስሙን አልረሳም። ዜና መዋዕሎቻችንንም ተመልከቱ፤ ንጉሡ ለማን ካባ እንደሸለመ፣ ለማን ለምድ እንደደረበለት ተጽፏል። የሰጪው ስም አለ፤ የተቀባዩ ስም አለ። ካባውን የሠራው ሰው ስም ብቻ ነው የጎደለው።

ለምን እንደጎደለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማውራቱን ነው የማንወደው። ሸማኔ ይሰደብ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ማለት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላታውቁ ትችላላችሁ፤ እኛ ግን ሰምተነው አድገናል። ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ፋቂው ርኩስ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ የምትሆን። በጎንደር ዙሪያ ከሸማኔው ብዙው ወይ ሙስሊም ነበር ወይ ቤተ እስራኤል፤ ሁለቱም ከርስት የተገፉ። መሬት የከለከልነው ሰው በእጁ ሠርቶ አለበሰን፤ እኛ ደግሞ በሠራው ልብስ ተሸፍነን በሠራበት እጅ ሰደብነው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። ከቤተ እስራኤሎቹም አብዛኞቹ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ብዙ ሙያ አብሯቸው ሄደ። የሚሰደብ ሰው ስሙን ልብሱ ላይ አይጽፍም። የሚሳደብም ሰው «ማን ሠራልኝ» ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ለንደን እንሂድ፤ በርኖሱና ባሌንሲያጋ እንዲህ በአንድ ላይ የመጡብኝ በእሷ ምክንያት ነው።

ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባል ሙዚየም አለ። ከግንቦት 2017 እስከ የካቲት 2018 የባሌንሲያጋን ልብሶች አሳይቶ ነበር። ምን ያህል እንደተጨነቁለት ስሙ። ካፖርቱና ቀሚሱ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ እንደ ታማሚ ራጅ አነሱት! የተደበቀውን ስፌት፣ ውስጥ ያለውን መደገፊያ ሁሉ አወጡት። ይገባዋል፤ አልቀናሁበትም።

ያ ትርኢት በተዘጋ በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ 2018፣ እዚያው ሙዚየም ሌላ ትንሽ ማሳያ ተከፈተ። የመቅደላ 150ኛ ዓመት። ከቀረቡት መካከል አንድ የሴት ቀሚስ ነበረበት፤ የጥጥ፣ በሐር ክር የተጠለፈ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው።

ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባታቸውን ድል አድርገው አሰሩ፤ ተዋበች ከሞቱ በኋላ ደግሞ ልጅቱን አገቡ። የልዑል ዓለማየሁ እናት ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲያጠፉ እዚያው አምባው ላይ ነበሩ። እንግሊዞች ዕቃውን ዘርፈው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጫኑት፤ ደላንታ ሜዳ ላይ እርስ በርሳቸው ተጫረቱበት። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ወሩ ሳይደፈን መንገድ ላይ ሞቱ። ቀሚሳቸው ግን ጉዞውን ጨረሰ፤ በ1869 ሙዚየም ገባ። ልጃቸውም እንግሊዝ ደርሶ በ1879 እዚያው አረፈ። የሙዚየሙ ኃላፊ በ2018 ዕቃዎቹን በረጅም ጊዜ ብድር ለመስጠት ሐሳብ አቀረቡ። የራስን ቀሚስ በብድር! ስለዚያ ብዙ ተብሏል፤ እኔም እዚሁ ቻናል ላይ ብያለሁ፤ ዛሬ አልደግመውም።

ዛሬ የምለው ሌላ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ልብስ አለ። አንዱ ላይ የሠሪው ስም፣ ዓመቱ፣ አንዳንዴም ንድፉና ቁራጭ ጨርቁ አለ። ሌላው ላይ የለባሿ ስም አለ፤ የዘራፊው ታሪክ አለ፤ በሠሪ ቦታ ላይ ስም የለም። ለዚህኛው እንግሊዞችን ብቻ መክሰስ አልችልም። ዘረፋው የእነሱ ነው። ስሙን ግን እኛው ሳንጽፈው ነው ወደ እጃቸው የገባው። አስቡት፤ የንጉሥ ሚስት ቀሚስ ነው። የጠለፈው ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ወይም በቅርቡ የሚታወቅ፣ ምናልባት በስሙ የሚጠራ፣ ጥሩወርቅ ያነጋገሩት ሰው ይሆናል። አንድ ጸሐፊ በአንድ መስመር ቢጽፈው ኖሮ ዛሬ እዚያ መስታወት ውስጥ ስሙ ይነበብ ነበር።

ይህ የሞተ ታሪክ ቢሆን ኖሮ አላስነብባችሁም ነበር። ቅዳሜ ገበያ ውጡ። በፋብሪካ የታተመ ጥለት ያለው «የሀበሻ ቀሚስ» በሜትር ይሸጣል። ጥለቱ በክር አልተሠራም፤ ፎቶ ነው፤ ከአንድ ሸማኔ ሥራ ላይ ተነሥቶ ፖሊስተር ላይ የታተመ። ዋጋው የእጅ ሥራውን ሩብ አይሞላም። ሸማኔው ይከሰስ ቢል በምን ያስረዳል? የንድፍ መብት ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ይባላል፤ በዓ.ም. ማለት ነው። ሕጉ ንድፉ አዲስ እንዲሆን ይጠይቃል፤ መመዝገብንም ይጠይቃል። ካባቱ የተማረውን ጥለት አዲስ ነው ማለት አይችልም። ራሱ የፈጠረውን ደግሞ ስሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ክሩን ሰክቶ አላስቀመጠም። የቪዮኔን አሻራ አስታወሳችሁ? አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ዲዛይነሮች አሉን፤ ደስ ይለኛል። ንድፋቸውን ይስላሉ፣ ስማቸውን ይሰፋሉ። ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ ድርና ማጉን የሚያገናኘው ሰው ስም ግን እዚያ ልብስ ላይ ሲሰፋ እስካሁን አላየሁም።

«ጥለት የሕዝብ ነው፤ በሰው ስም ከተመዘገበ ነገ ሌላው ሸማኔ ሊከለከል ነው» የሚለኝ ሰው አለ። ስጋቱ ይገባኛል፤ በግማሹም እስማማለሁ። የቀይ ጥለት ባለቤት ማንም መሆን የለበትም። ይህን ጋቢ፣ ይህን በርኖስ፣ በዚህ ቀን የሠራው ማን ነው ማለት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማንንም አይከለክልም።

ለትንሣኤ ይፋግ ስሄድ በርኖሱን አውርጄ በጸሐይ አየሁት። በመዳፌ ለካሁት፤ ስፌቱን ቆጠርኩት፤ ትከሻው ላይ ያለችውን ሹል ከውስጥ ገልብጬ አየኋት። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተሰፍቷል፤ እንዳይተረተር። ሰውየው ይህን ማድረግ ግዴታ አልነበረበትም። ወረቀት አወጣሁና እርሳስ በማያውቅ እጄ ሳልኩት፤ በሬ ይመስላል። ከጫፉ የረገፈች ጠጉርም በስፒል ሰካሁበት። አያቴ ከመደቡ ሆነው እያዩ ሳቁብኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሰውየው እኮ ቀይ ነበር፤ አንድ እግሩን ያነክሳል። ከፋርጣ በእግሩ ነበር የሚመጣ» አሉኝ። ይህንንም ጻፍኩት።

በቤታችሁ በርኖስ፣ ካባ፣ ቡሉኮ ወይም የድሮ ጥልፍ ቀሚስ ያላችሁ፣ ፎቶውን ከማንሳታችሁ በፊት ቤት ያሉትን ሽማግሌ ወይም አሮጊት «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ያገኛችሁትን ላኩልኝ፤ አነክሶ የሚሄድ ሰው እንኳ ቢሆን።